ቢላዋን በእጅ ለመሳል የሚሆን ድንጋይ አመራረጥ

ማለዳ በባሕር ዳር፣ ዓሣ በሚራገፍበት የጣና ዳርቻ የሚቆም ሰው፣ ዓሣ የሚበልቱት ወጣቶች በየጥቂት ደቂቃው ሥራቸውን አቁመው ቢላዋቸውን በአጠገባቸው ባለ ጥቁር ድንጋይ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲያመላልሱ ያያል። የቆሮሶ ቅርፊት ጠንካራ፣ የጎን አጥንቱም በቀላሉ የማይታዘዝ በመሆኑ፣ ጠዋት ስል የነበረ ቢላዋ ረፋድ ላይ ቆዳው ላይ መንሸራተት ይጀምራል። ያ ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ነው፤ የጣና ደቡባዊ ዳርቻ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አገር ስለሆነ በየደጁ ሞልቷል። ባዛልት ውስጥ ያሉት ዋና ዋና ማዕድናት ጥንካሬ፣ ከ1 እስከ 10 በሚቆጥረው የሞህስ መለኪያ፣ ከ5 እስከ 6.5 ሲሆን፣ በእሳት የጠነከረ የቢላዋ ብረትም ከዚያ ብዙም አይርቅም። በዚህ ምክንያት ድንጋዩ ብረቱን በወጉ ሊቆርጠው አይችልም። የታጠፈውን ጠርዝ ለጊዜው ያቃናል፣ ትንሽ ሸካራነት ይሰጠዋል፣ ከአምስት ስድስት ዓሣ በኋላ ግን ቢላዋው ወደ ነበረበት ይመለሳል።

ከእነዚህ ወጣቶች አንዱ የራሴን ቢላዋ ስስል አይቶ፣ «አያ፣ እኔስ ድንጋይ ልግዛ ብል የቱን ልግዛ?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው አጭር ቢሆንም መልሱ አላጥርልህ አለኝ፤ ይህም ጽሑፍ ያን ዕለት በቁራጭ በቁራጭ የነገርኩትን በቅደም ተከተል ያስቀመጠ ነው። ሐሳቤ በጥቅሉ ይህ ነው፦ ድንጋይ መምረጥ የሚጀምረው ቢላዋውን ከመመርመር ነው፤ ለአብዛኛው ሰው ደግሞ በመጀመሪያ ሊገዛ የሚገባው መካከለኛው ድንጋይ ነው፤ ሌላው ሁሉ ቆይቶ ይደርሳል።

በቅድሚያ ቢላዋውን ይመርምሩ

የቢላዋውን ስለት ወደ ላይ አድርገው በመስኮት ብርሃን ወይም በስልክ መብራት ሥር ይያዙትና ከእጀታው እስከ ጫፉ ድረስ ቀስ ብለው ያዘንብሉት። ስል ጠርዝ ብርሃን የሚያርፍበት ስፋት ስለሌለው አይታይም። የደነዘ ጠርዝ ግን እንደ ቀጭን ነጭ ክር ሆኖ ያበራል፤ የተሸረፈበት ቦታ ደግሞ ነጥብ ነጥብ እያለ ብልጭ ይላል። የታየው ነጩ ክር ብቻ ከሆነ መካከለኛ ድንጋይ ይበቃዎታል። ሽርፍራፊው በዓይን የሚቆጠር ከሆነ ግን በመካከለኛ ድንጋይ ማጥፋት የግማሽ ቀን ሥራ ስለሚሆን ሸካራ ድንጋይ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ሁኔታ ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል የሚያልፍ ነው። ለዓመታት የተሳለ ቢላዋ ስለቱ እየተበላ ወደ ጀርባው ስለሚጠጋ፣ ከስለቱ ከፍ ብሎ ያለው ብረት እየወፈረ ይሄዳል፤ እንዲህ ያለው ቢላዋ ወረቀት በደንብ እየቆረጠ ካሮት ላይ ሲደርስ እንደ ፍልጥ ይሰነጥቀዋል። ቢላዋው ደንዟል ብለው ደጋግመው የሚስሉ፣ ሆኖም የማይረኩ ሰዎች ችግራቸው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው። መፍትሔውም ቢላዋውን በጎኑ ተኛ አድርጎ በሸካራ ድንጋይ ማሳሳት ነው።

ከዚያ በኋላ ብረቱን ይወቁ። በአካባቢያችን በየቤቱ የሚገኙት ቢላዋዎች በጥቅሉ ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው ወገን ባለእጆች ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ ቀጥቅጠው የሚሠሩት ነው። የባሌስትራ ብረት በተለምዶ 0.6 በመቶ ገደማ ካርቦን ስላለው፣ ግሎ በአግባቡ ከተነከረ ያማረ ስለት ይይዛል፤ ይሁን እንጂ ጥንካሬው እንደ ሠሪው እጅና እንደ እሳቱ ይለያያል፤ ክረምት ላይ ደግሞ ሳይደርቅ ካደረ ይዝጋል። ሁለተኛው ወገን ከውጭ የሚገባው የማይዝግ ቢላዋ ነው። ብዙዎቹ የአውሮፓ የወጥ ቤት ቢላዋዎች 0.5 በመቶ ገደማ ካርቦንና 15 በመቶ ገደማ ክሮሚየም ካለው ብረት ይሠራሉ፤ ጥንካሬያቸውም የብረት ጥንካሬ በሚለካበት በሮክዌል መለኪያ ከ54 እስከ 58 ባለው ውስጥ ይወድቃል። ሁለቱም ወገኖች ለተራ ድንጋይ ይታዘዛሉ። አልማዝን የግድ የሚለው ብዙ ቫናዲየም ያለበት ውድ ብረት ነው፤ ምክንያቱም በውስጡ የሚፈጠረው ቫናዲየም ካርባይድ ከተራው ድንጋይ ቅንጣት ይልቅ ይጠነክራል። ወጥ ቤትዎ ውስጥ እንዲህ ያለ ቢላዋ ካለ፣ ሲገዙት ከዋጋው ያውቁታል።

ስለ ብረቱ ጥንካሬ ጥርጣሬ ካለዎት፣ ያልደነዘ ሊማ ወስደው ከእጀታው አጠገብ ባለው የስለቱ ጥግ ላይ በቀስታ ያስነኩት። ሊማው እንደ ሳሙና ከላገው ብረቱ ለስላሳ ነው፤ በመስተዋት ላይ እንደሚሄድ ከተንሸራተተ ጠንካራ ነው፤ እየያዘ ቢለቀው ለቤት ቢላዋ ደኅና የሚባለው እርሱ ነው። ለስላሳ ብረት ምንም ያህል ውድ ድንጋይ ቢገዙለት ስለቱን ስለማይጠብቅ፣ ለእርሱ ሲሉ ልስልስ ድንጋይ አይግዙ።

ቁጥሩ ምን ይነግረናል?

በድንጋዩ ላይ የሚጻፈው ቁጥር፣ ማለትም ግሪት፣ የቅንጣቶቹን ድቀት ያመለክታል፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቅንጣቱ ይደቃል። ችግሩ ቁጥሩ የሚቆጠርበት ሥርዓት አንድ አለመሆኑ ነው። በጃፓን መለኪያ 1000 የተባለ ድንጋይ ቅንጣቱ 15 ማይክሮን (አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺሕኛ ነው) አካባቢ ሲሆን፣ በአውሮፓው የብርጭቆ ወረቀት መለኪያ ፒ1000 የሚባለው 18 ማይክሮን ገደማ ነው፤ በአሜሪካው መለኪያ ደግሞ 16 ማይክሮን የሚሆነው ቅንጣት 600 ተብሎ ይጠራል። ስለዚህ አሜሪካ ሠራሽ 600 ድንጋይና ጃፓን ሠራሽ 1000 ድንጋይ በሥራ ላይ ወንድማማቾች ናቸው። ለግምት እንዲረዳ፣ የሰው ፀጉር ውፍረት ወደ 70 ማይክሮን ይደርሳል።

እኔ ከዚህ በኋላ በጃፓኑ ቁጥር ብቻ እናገራለሁ። ከ120 እስከ 400 ያለው ሸካራ ነው፤ ሥራውም ሽርፍራፊ ማጥፋትና የወፈረውን ማሳሳት ነው። ከ800 እስከ 1500 ያለው መካከለኛ ነው፤ የደነዘውን ስል የሚያደርገው እርሱ ነው። ከ3000 በላይ ያለው ልስልስ ሲሆን፣ ስል የሆነውን ያሳምራል እንጂ የደነዘውን አይስልም። ቁጥሩ ትልቅ ሲሆን ድንጋዩም የተሻለ የሚመስላቸው ሰዎች ገንዘባቸውን የሚያባክኑት እዚህ ላይ ነው፤ በ6000 ድንጋይ ላይ የደነዘ ቢላዋ ሲፈትጉ ውለው የሚያገኙት የሚያብረቀርቅ ዶልዱም ነው።

ለዓሣ ቆዳ፣ ለቲማቲምና ለሥጋ ከ1000 በላይ መሄድ አስፈላጊ አይደለም እላለሁ። ከ1000 ድንጋይ የወረደ ስለት በዓይን የማይታይ ጥርስ ስለሚኖረው፣ የሚያዳልጠውን የአምባዛ ቆዳም ሆነ የቲማቲሙን ልጣጭ ወዲያው ይነክሳል። ለፋሲካ ወይም ለገና ዘልዝል የሚያወጣ ሰው፣ ሥጋውን ሳይበጥስ እያገላበጠ ረጅም አድርጎ ለመተርተር የሚፈልገው ይህንኑ የሚነክስ ስለት ነው። ልስልስ ድንጋይ ለምላጭ፣ ለአናጺ መላጊያና ለጠንካራ ጃፓናዊ ቢላዋ ተገቢ ነው።

ድንጋዩ ከምን እንደተሠራ

ሰው ሠራሽ ድንጋይ ሁለት ነገሮች አሉት፤ ብረቱን የሚቆርጡት ቅንጣቶችና ቅንጣቶቹን አያይዞ የሚያቆማቸው ማጣበቂያ። ገዢው ሁሉ ስለ ቅንጣቱ ይጠይቃል፤ የድንጋዩን ጠባይ በአመዛኙ የሚወስነው ግን ማጣበቂያው ነው።

ቅንጣቱ ብዙውን ጊዜ ሲሊከን ካርባይድ ወይም አሉሚኒየም ኦክሳይድ ነው። ሲሊከን ካርባይድን ኤድዋርድ አቺሰን የተባለ አሜሪካዊ በ1891 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሲያገኘው ካርቦረንደም ብሎ ሰየመው፤ ያ ስም እስከ ዛሬ ድንጋዩን ይከተለዋል። ቅንጣቱ ስል ነው፣ ፈጥኖም ይቆርጣል፣ ነገር ግን ቶሎ ይሰባበራል፤ ስለዚህ ለሸካራው ሥራ ይመረጣል። አሉሚኒየም ኦክሳይድ በሞህስ መለኪያ 9 ጥንካሬ ያለው፣ ከሲሊከን ካርባይድ ትንሽ የሚያንስ፣ ነገር ግን ቻይ የሆነ ቅንጣት ነው፤ መካከለኛና ልስልስ ድንጋዮች በብዛት ከእርሱ ይሠራሉ።

ማጣበቂያው ለስላሳ ሲሆን የደከሙት ቅንጣቶች እየረገፉ አዳዲሶቹ ስለሚወጡ ድንጋዩ ሁልጊዜ ይቆርጣል፤ በአንጻሩ መሐሉ ቶሎ ይጎደጉዳል። ጠንካራ ሲሆን ቅርጹን ይጠብቃል፤ ግን የብረት ብናኝ ክፍተቱን ይሞላውና ፊቱ እንደ መስተዋት ይለሰልሳል። እናቶቻችን የወፍጮ ድንጋይ ሲለሰልስና እህሉን አልፈጭ ሲል ይወቅሩት ነበር፤ የለሰለሰ መሳያ ድንጋይም እንዲሁ ፊቱን በሸካራ ነገር ፍቀው ካላነቁት አይሠራም። ለጀማሪ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ይሻለዋል፤ በጣም ለስላሳው ድንጋይ እጁ ገና ያልረጋ ሰው የቢላዋውን ጫፍ ሲተክልበት ይቦረቦራል።

የአልማዝ ሰሌዳ የሚባለው የአልማዝ ቅንጣት በኒኬል የተለበጠበት ብረት ነው። አይጎደጉድም፣ ውሃ መጠጣት አይፈልግም፣ ማንኛውንም ብረት ይቆርጣል። ሆኖም ጭረቱ ጥልቅ ነው፤ የሚጫን እጅም ቅንጣቶቹን ከኒኬሉ እየነቀለ ዕድሜውን ያሳጥረዋል። ርካሽና ስስ የሆነውን ከገዙ ጠፍጣፋ ሰድር ላይ ይለጥፉት፤ ካልሆነ ሲጫኑት ይታጠፋል። ዓሣ ለሚበልት ሰው፣ በሥራ መሐል ፈጥኖ ለማንቃት፣ ከኪስ የማትበልጥ ትንሽ የአልማዝ ሰሌዳ ጥሩ ናት፤ ዋናው ድንጋይ ግን ቤት ይኑር።

ከተፈጥሮ ድንጋይ የአሜሪካው አርካንሶና የቤልጂየሙ ኮቲኩል የታወቁ ናቸው፤ ለጀማሪ አያስፈልጉም። በእኛ በኩል፣ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ የሚታየው የአሸዋ ድንጋይ በውስጡ ኳርትዝ ስላለው ከጣና ዳሩ ባዛልት የተሻለ ይቆርጣል፤ ቅንጣቱ ግን ወጥ ስላልሆነ ለማጭድና ለጠገራ እንጂ ለወጥ ቤት ቢላዋ አልመክረውም።

ስፋትና ርዝመት

200 በ70 ሚሊ ሜትር የሆነ ድንጋይ ለማንኛውም የቤት ቢላዋ ይበቃል። 150 በ50 የሆነውም ይሠራል፤ ብቻ ረጅሙን የዓሣ ቢላዋ በሁለት በሦስት ክፍል መሳል ስለሚያስገድድ መጋጠሚያው ላይ ስለቱ ይወላገዳል። ከዚያ ያነሰው የኪስ ነው። ውፍረቱ 25 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ ለአንድ ቤት ዓመታት ያገለግላል።

በሱቁ ውስጥ የሚደረግ ምርመራ

በከተማችን የሕንፃ መሣሪያ በሚሸጥባቸው ሱቆች በብዛት የሚገኘው ሁለት ፊት ያለው፣ አንዱ ወገን ሸካራ ሌላው ለስለስ ያለ፣ ግራጫ ድንጋይ ነው። ለስለስ ያለው ፊቱ ብዙ ጊዜ ከ240 አያልፍም፤ ቅንጣቱም 50 ማይክሮን አካባቢ ስለሆነ፣ በስም ለስላሳ ይባል እንጂ በእኛ ስሌት ሸካራ ነው። ይህ ማለት መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ቆይቶ የሚገዛውን የሁለተኛውን፣ ማለትም የሸካራውን፣ ድንጋይ ቦታ በትንሽ ዋጋ ይሸፍናል። የመጀመሪያውን፣ ማለትም 1000ውን፣ ግን ከሌላ ቦታ መፈለግ ሊኖርብዎ ይችላል፤ ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለዎት፣ እንደ ኪንግ፣ ናኒዋ ወይም ሻፕተን ያሉት የጃፓን ድንጋዮች በዚህ ቁጥር የታመኑ ናቸው።

ወደ ሱቅ ሲሄዱ የብረት ማስመሪያና በትንሽ ጠርሙስ ውሃ ይያዙ፤ ባለሱቁ ቢስቅብዎትም ግድ የለም። በመጀመሪያ ማስመሪያውን በጠርዙ አቁመው ድንጋዩ ላይ በርዝመቱ፣ በወርዱና በሰያፍ ያስቀምጡና ወደ ብርሃን ይመልከቱ። በማስመሪያው ሥር የሚያልፍ ቀጭን ብርሃን በቤት ሊስተካከል ይችላል፤ ወረቀት የሚያስገባ ክፍተት ያለበትን ግን ይመልሱት። አዲስ ድንጋይ ሁሉ ጠፍጣፋ ነው ብሎ መገመት የተለመደ ስሕተት ነው።

በሁለተኛ ደረጃ ድንጋዩን በሁለት ጣት ከጫፉ አንጠልጥለው በጥፍርዎ ወይም በቁልፍ ይምቱት። አንድ ወጥ የሆነ ጤነኛ ድንጋይ እንደ ሸክላ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተሰነጠቀው ግን ታፍኖ «ጠብ» ይላል። ሁለት ፊት ያለውና በሙጫ የተያያዘው ድንጋይ በተፈጥሮው ድምፁ ስለሚታፈን፣ እርሱን በመጋጠሚያው ዙሪያ ጥፍርዎን እየነዱ ይመርምሩት፤ ጥፍር የሚይዝ ክፍተት ካለ ውሃ ሲገባበት ይላቀቃል።

በሦስተኛ ደረጃ የአውራ ጣትዎን ሆድ ሳይጫኑ በፊቱ ላይ በሁሉም አቅጣጫ ያንሸራቱ። ሸካራነቱ እኩል ሊሆን ይገባል። በመሐል አንዲት የምትቧጥጥ ቅንጣት ከተሰማችዎ፣ ያቺ አንዲት ቅንጣት ስለትዎን በየምልልሱ ትፈለፍለዋለች። በቀለሙም ላይ ደመና የመሰለ ጥቁርና ነጭ መደበላለቅ ካለ ቅንጣቱ በእኩል አልተቀላቀለም ማለት ነው።

በመጨረሻ አንድ ጠብታ ውሃ ጣል ያድርጉበት። ጠብታው ወዲያው ከሰረገ ድንጋዩ ክፍተት የበዛበትና ከሥራ በፊት ውሃ መጠጣት የሚፈልግ ነው፤ ቀስ ብሎ ከሰረገ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ክብ ሆኖ ከተቀመጠ ወይ እጅግ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ወይም ፋብሪካው ዘይት አጠጥቶታል፤ የሁለቱን ልዩነት በማሽተት ይለዩታል።

ስለ ቁጥሩ ግን ሱቅ ውስጥ የሚያረጋግጡበት መንገድ ብዙም የለም። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ 3000 የሚል የተጻፈበት፣ የሠሪው ስም የሌለበት ድንጋይ ገዝቼ፣ ቤት ስደርስ ከ1000ው ድንጋዬ ጋር አስተያየሁት። የቢላዋውን ግማሽ በአንዱ፣ ግማሹን በሌላው አሻሽቼ በስልክ ካሜራ አጉልቼ ስመለከት፣ የ3000ው ጭረት ከ1000ው የበለጠ ጥልቅ ሆኖ አገኘሁት። ሠሪው ያልታወቀ ድንጋይ ሲገዙ ቁጥሩን ሳይሆን ጣትዎንና ይህን የጭረት ንጽጽር ይመኑ፤ ለዋጋውም የሸካራ ድንጋይ ዋጋ እንጂ የልስልስ ዋጋ አይክፈሉ።

ውሃ ወይስ ዘይት?

ፈሳሹ ዋና ሥራው የብረቱንና የድንጋዩን ብናኝ አንሳፍፎ ክፍተቱ እንዳይደፈን ማድረግ ነው። የጃፓን ድንጋዮች በውሃ ይሠራሉ። ክፍተት የበዛባቸው ውሃ ውስጥ ገብተው አረፋ መስጠት እስኪያቆሙ፣ ይኸውም 10 ደቂቃ ያህል፣ ይቆያሉ፤ ጥቅጥቅ ያሉት ውሃ ፈሰስ ተደርጎባቸው ወዲያው ይሠራሉ። ማግኒዥያ በሚባል ማጣበቂያ የተያያዙ ድንጋዮች ለረጅም ሰዓት ውሃ ውስጥ ከተተዉ ስለሚለሰልሱና ሲደርቁ ስለሚሰነጠቁ፣ ከማሸጊያው ላይ «አይንከሩ» የሚል ማሳሰቢያ ካለ ይታዘዙት። ግራጫው የካርቦረንደም ድንጋይ በሁለቱም ይሠራል፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ዘይት የጠጣ ድንጋይ ወደ ውሃ ተመልሶ ስለማይገባ፣ ምርጫው የሚደረገው በመጀመሪያው ቀን ነው።

ዘይት ከመረጡ የስፌት መኪና ዘይት ወይም በላምባ የቀጠነ ቀጭን የማሽን ዘይት ይጠቀሙ። የምግብ ዘይት፣ በተለይም የኑግ ዘይት፣ ፈጽሞ አይጠቀሙ። ይህንን የምለው ከራሴ ጥፋት ተምሬ ነው፤ የመጀመሪያ ድንጋዬን እናቴ ጓዳ የነበረ የኑግ ዘይት አጠጥቼ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት፤ ከአንድ ወር በኋላ ሳወርደው ፊቱ እንደ ቫርኒሽ ያለ ቢጫ ሽፋን ይዞ ጣቴ ላይ ተጣበቀ። የኑግ ዘይት አየር ሲያገኘው የሚደርቅ ዘይት ነው፤ ክፍተቶቹን ሁሉ ደፍኖ ስለነበር ላምባ ውስጥ ሁለት ቀን አሳድሬ በሽቦ ብሩሽ ብፍቀውም እንደ ቀድሞው አልሆነልኝም። ለቤት እኔ ውሃን እመርጣለሁ፤ ምግብ የሚነካ ቢላዋ ላይ የላምባ ሽታ ማንም አይወድም።

ቤት ሲደርስ፦ ማስተካከልና ማስቀመጫ

ከጠርዝ እስከ ጠርዝ በእርሳስ መረብ የመሰለ መስመር ድንጋዩ ላይ ይሥሩ። ከመስተዋት ቆራጭ የሚገኝ ወፍራም ቁራጭ መስተዋት ወይም ጠፍጣፋ የወለል ሰድር ላይ፣ ቁጥሩ ከ120 እስከ 220 የሆነ የውሃ ብርጭቆ ወረቀት ዘርግተው ውሃ አርከፍክፈው ድንጋዩን በክብ በክብ ያሹት። የእርሳሱ መስመር በሁሉም ቦታ ሲጠፋ ድንጋዩ ተስተካክሏል፤ መሐሉ ላይ ከቀረ ጎድጓዳ ነው፣ ይቀጥሉ። ሲጨርሱ አራቱንም ጠርዞች ትንሽ ክብ ያድርጓቸው፤ ስል ጠርዝ ያለው ድንጋይ ቶሎ ይሸረፋል።

የሚንቀሳቀስ ድንጋይ ላይ አንግል መጠበቅ አይቻልም። እርጥብ ፎጣ አጥፈው ከሥሩ ያንጥፉ፣ ወይም ከድንጋዩ ጋር የሚስማማ ስንጥቅ በእንጨት ላይ ይፈልፍሉለት። ከፍታው ቆመው ሲሠሩ ክንድዎ ዘና የሚልበት ይሁን።

ድንጋዩን በሥራ መፈተን

የመጨረሻው ምርጫ የሚደረገው በቢላዋው ነው። የስለቱን ሁለት ጎን በማርከር ቀለም ይቀቡ። ለወጥ ቤት ቢላዋ በየጎኑ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ተስማሚ ነው፤ ቢላዋው 40 ሚሊ ሜትር ወርድ ካለው፣ ለ20 ዲግሪ ጀርባው ከድንጋዩ ከ13 እስከ 14 ሚሊ ሜትር፣ ለ15 ዲግሪ ደግሞ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ማለት አለበት። 20 ሚሊ ሜትር ወርድ ላለው ቀጭን የዓሣ ቢላዋ 15 ዲግሪ ማለት 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ብዙ ሰው ይህንን ሳያስተውል ትንሹንም ትልቁንም ቢላዋ በአንድ ከፍታ ይይዛል፤ ትንሹም ስለቱ ወፍሮ ይቀራል።

ቢላዋውን ከእጀታው ወደ ጫፉ እየሳቡ ጥቂት ካመላለሱ በኋላ ቀለሙን ይመልከቱ። ከስለቱ ጠርዝ ላይ ከጠፋ አንግሉ ልክ ነው፤ ከላይ ብቻ ከጠፋ ጀርባውን ጥቂት ከፍ ያድርጉ። ከዚያ በአንዱ ጎን ብቻ ይቀጥሉ፤ ብረቱ እየሳሳ ሲሄድ በሌላኛው ጎን በኩል ስስ ትርፍ ብረት ይታጠፋል፤ አውራ ጣትዎን ከጀርባው ወደ ስለቱ፣ ማለትም ወደ ውጭ፣ ሲያንሸራትቱ እንደ ክር ሲይዝ ይሰማዎታል። ጣትዎን በስለቱ ርዝመት ፈጽሞ አያንሸራቱ።

ስለ ድንጋዩ የሚፈርደው ይህ ትርፍ ብረት ነው። ለስላሳ የማይዝግ ቢላዋ በጥሩ 1000 ድንጋይ ላይ፣ እጅግ ካልደነዘ በስተቀር፣ ሻይ ተፈልቶ እስኪወርድ ባለው ጊዜ ውስጥ ትርፍ ብረቱን ከእጀታው እስከ ጫፉ ያወጣል። ጊዜው ከዚያ እጅግ ከረዘመና ድንጋዩ ላይ ያለው ውሃ ካልጠቆረ፣ ድንጋዩ አይቆርጥም፤ ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት አንቅተው ደግመው ይሞክሩት። ውሃው ጠቁሮ ትርፍ ብረቱ ካልወጣ ግን ጥፋቱ የድንጋዩ አይደለም፤ አንግልዎ እየዋዠቀ ነው። ሲሠራ «ሽ» የሚል ወጥ ድምፅና እጅ ላይ ለስለስ ያለ መያዝ ካለው የተስማማዎትን አግኝተዋል፤ የሚያንሸራትትና «ጺ» የሚል ድንጋይ ወይ ተደፍኗል ወይም ለብረትዎ ከመጠን በላይ ጠንካራ ነው።

ሌላኛውን ጎን በተመሳሳይ መንገድ ይሥሩ፤ ከዚያም ግፊቱን እየቀነሱ ጎን እያፈራረቁ ትርፍ ብረቱን ያሳንሱት፤ በመጨረሻ በአሮጌ የቆዳ ቀበቶ ውስጠኛ ፊት ላይ፣ ስለቱን ወደ ኋላ እየጎተቱ፣ ጥቂት ጊዜ ያሹት። የጋዜጣ ወረቀት ሳይቀደድ የሚቆርጥ፣ ቲማቲም ላይ ክብደቱ ብቻ የሚያስገባው ከሆነ 1000ው ሥራውን ጨርሷል።

ሁለተኛውን ድንጋይ መቼ?

በ1000 ላይ ሽርፍራፊ ለማጥፋት ከሩብ ሰዓት በላይ ሲፈጅብዎት ሸካራውን ይግዙ፤ ከ220 እስከ 400 ያለው፣ ወይም ያ ግራጫ ባለሁለት ፊት ድንጋይ ይበቃል። ሦስተኛውን፣ ከ3000 እስከ 6000 ያለውን፣ የሚገዙት በ1000 የሚወጣው ስለት ዘወትር አንድ ዓይነት ሲሆንልዎት ብቻ ነው። እኔ ሦስተኛውን ከገዛሁ በኋላ ለወጥ ቤት የተጠቀምኩበት ጊዜ በጣት የሚቆጠር ነው።

ከሥራ በኋላ ድንጋዩን አጥበው በጥላ ሥር፣ አየር ከሁሉም ጎን እንዲያገኘው በጠርዙ አቁመው ያድርቁት። ፀሐይ ላይ አያስጡት፤ ፊቱ ከውስጡ ቀድሞ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በክረምት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ እርጥቡን ድንጋይ በሳጥን ውስጥ ከዘጉበት ይሻግታል፤ የባሌስትራውንም ቢላዋ ከመሳቢያ ከማስገባትዎ በፊት ደረቅ ጨርቅ ያሳልፉበት።

ያ ጥያቄ ያቀረበልኝ ወጣት በመጨረሻ አንድ 1000 ድንጋይ ገዛ። ቢጫ ጀሪካን በቁመቱ ሰንጥቆ ግማሹን የውሃ ገንዳ አደረገው፤ በላዩ ጣውላ አጋድሞ ድንጋዩን በሁለት ምስማር ራስ መሐል አስቀመጠው፤ ውሃውን ከሐይቁ ይቀዳል። አሁን ቢላዋውን የሚስለው ማለዳ፣ ጀልባዎቹ ከመድረሳቸው በፊት፣ አንድ ጊዜ ነው፤ ጥቁሩን ባዛልት መቀመጫ አድርጎታል።